ቀድሞ የተከፈለ ስለት

ቶሮንቶ፣ ማርች 3 ቀን 1985

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

መንገዱ ቢርቅም ሰላምታዬ አልራቀም። እርስዎ፣ እትዬ ጠጂቱና ልጃችሁ ደረጄ እንደምን ከርማችኋል? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ዛሬ በእግሬ ቆሜያለሁ። ዛሬ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለዳንኩ ግን አይደንግጡ።

እዚህ አገር በገባሁ በሁለተኛው ወር ብርድ ሳንባዬን መታኝ። ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ መንግሥት ለድሃ ባሠራው ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ቤተሰብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ሰው አላውቅም፣ ቋንቋውም ገና አልተፍታታልኝም። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩ ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ ሴት ሳሌን ሰምተው በሬን አንኳኩ። እንደኛው ጥቁር ናቸው፤ ግን ስደተኛ አይደሉም፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሁሉ እዚሁ አገር ነው የተቀበሩት። ብርድ ልብሱንም እኔንም አንድ ላይ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ያስተኙኝ በልጃቸው በክላረንስ አልጋ ነው። እሱ ሶፋ ላይ ተኛ። ቁመቱ ከበሩ መቃን ስለሚስተካከል እግሩ ከሶፋው ውጭ ተንጠልጥሎ ያድር ነበር። እስክድን ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልጋዬን መልሺ የሚል ፊት አላሳየኝም። ከከተማው ወጥቶ ወደ ሥራው ሲሄድ ካፖርቱን ሰጥቶኝ ሄደ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፣ እሱን ለብሼ ነው ሥራ የምሄደው። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ማጠቢያ ክፍል ገብቻለሁ።

የክላረንስ ሥራ ኳስ ነው፤ ቤዝቦል ይሉታል። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ የመታ ይሮጣል፣ የቀሩት ቆመው ይተፋሉ። እሱ ያለው ትንሹ ሊግ በሚባለው ውስጥ ነው። በአውቶቡስ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞሩ ይከርማሉ፣ በበረዶው ወራት ደግሞ መጋዘን ውስጥ ይሸከማል። የዚህ የቶሮንቶ ቡድን ያለው በትልቁ ሊግ ነው። ክላረንስን የቀጠረውም ይኸው ቡድን ነው፣ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ትንንሾቹ ጋ አስቀምጦታል። ሜዳው ከእናቱ ቤት በስትሪትካር፣ በመንገድ ላይ በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ቅርብ ነው። እናቱ ግን ልጃቸውን እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። በሕይወታቸው የሚመኙት ይህንኑ ብቻ ነው።

አባቴ ዘርይሁን ነፍሱን ይማረውና፣ እርስዎ የአክስቱ ልጅ ብቻ ሳይሆኑ ወንድሙ ነበሩ፤ ለእኔ ደግሞ ከእሱ በኋላ አባት ሆነውኛል። የሸኙኝን ቀን አልረሳሁትም። ሌላው በወረቀት አይጻፍም። ደረጄ እንደ ልማዱ ደብዳቤዎን ሲጽፍልዎ ስለ ራሱም ሁለት መስመር ይጨምርልኝ።

ልጅዎ ይመኙሻል


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይመኙሻል፣

ከበሽታ አልጋ አንሥቶ ለትንሣኤው ያደረሰሽ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እኔም ጠጂቱም አለን።

ፊደሌ ተንጋዶ ስታዪው የፋሲካ ጠጅ አልለቀቀውም እንዳትይ። ጸሐፊዬ ስለሌለ ራሴ ነኝ የምጽፈው። ባቡር ላይ ትኬት ስቆጣጠር ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ዓይኔ ከትኬት በቀር ሌላ ጽሑፍ አልለመደም፤ ትኬቱንም ቢሆን በቀለሙ ነበር የምለየው። መነጽር ብጤ ካገኘሽ ላኪልኝ።

የሴትዮዋን ነገር ለጠጂቱ አነበብኩላት። አለቀሰች፣ ቀጥላ ደግሞ ምን እንላክላቸው ብላ አስጨነቀችኝ። በርበሬ እንዳንል አፋቸው ይቃጠላል። ጋቢ እንዳንል ካፖርት ሰጪ ለሆኑ ሰዎች ጋቢ መላክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። በመጨረሻ ፖስታ ቤት የማይመዝነው፣ ጉምሩክም የማይቀርጠው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ልጅ ትልቁ ሊግ ገብቶ ከተጫወተ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተስያለሁ። ጠጂቱ “በየትኛው ጉልበትህ?” አለችኝ። የሚያመኝ ግራው ነው፣ የተሳልኩት በቀኙ ነው አልኳት።

አትሳቂ። አንቺን የሸኘሁ ዕለት ለማን አደራ እንደምሰጥሽ ጨንቆኝ የሰጠሁሽ ለገብርኤል ነበር። እሱ ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች ሰጠሽ። ብድር በምድር ነው፤ እኔም የቀረኝ ይኸው ጉልበት ነው።

ትንሹና ትልቁ ሊግ ያልሽው እንደ ባቡራችን ማዕረግ ነው? ሦስተኛ ማዕረግ የእንጨት ወንበርና ፍየል፣ አንደኛ ማዕረግ ትራስና መጋረጃ? እንደዚያ ከሆነ ገብቶኛል። ከሦስተኛ ወደ አንደኛ የሚዛወር መንገደኛ በዘመኔ ብዙ አላየሁም።

በየነ


ቶሮንቶ፣ ጁን 9 ቀን 1985

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

በጤና ያገኘዎት። መነጽሩን በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ሚስ ዶሮቲ ናቸው የመረጡት፣ “ለእኔ በእግሩ ለሚሳል ሰው ቆንጆ ክፈፍ ያስፈልገዋል” ብለው። ስለቱን ስነግራቸው ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል።

ጋሼ፣ ክላረንስ ወጣ። ትናንት ደውሎ ከነበረበት ወደ ላይኛው አዛወሩኝ አለ። እናቱ ሲዘምሩ በኮሪደሩ ያለው ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፈተ። አዎ፣ እርስዎ እንዳሉት የባቡር ማዕረግ ይበሉት። ዝርዝሩን በሰፊው እጽፍልዎታለሁ፤ አሁን ሺፍቴ ደርሷል፣ ስትሪትካሩ ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

ለመሆኑ ደረጄ የት ሄዶ ነው እርስዎ የሚጽፉት? ፊደሉን አጣሁት።

ልጅዎ ይመኙሻል


ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይመኙሻል፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ይህን የምጽፈው እግሬን ሰቅዬ ነው፤ ጉልበቴ ድፎ ዳቦ አክሏል። ስለቴን አገባሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የሐምሌ ገብርኤል ሊውል ሳምንት ሲቀረው ነው። ይህማ ራሱ ጥሪ ነው አልኩና በትሬን አነሣሁ። ጠጂቱ ቆሎ ቋጥራ እስከ ከተማው ዳር ሸኘችኝ፤ መንገዱን ሁሉ ስትሰድበኝ ነበር፣ እኔም ስንቅ አድርጌ ያዝኩት። ደንገጎ አቀበቱ ላይ ግራው ጉልበቴ እኔ አልተሳልኩም ብሎ ቆመ። አንዲት ከሐረር የመጣች ሴት ክንዴን ይዛ “አባቴ፣ ምን ተደርጎልዎት ነው?” አለችኝ። ቶሮንቶ የሚባል አገር ያለች አንዲት እናት ልጇ በኳስ ከፍ አለላት አልኳት። ትንሽ አሰበችና “ታዲያ እርስዎን ምን አገባዎት?” አለች። ልጄን አስታማልኛለች አልኳት። ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀችኝም፣ ቁልቢ እስክንደርስም ክንዴን አልለቀቀችም።

ግቢው ውስጥ ተራዬ ሲደርስ ቆሜ መሰከርኩ። ክላረንስ የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ምን እንደሆነ ማንም አልገባውም፤ እልልታው ግን ለሌላው ከተባለው አላነሰም። ባልገባው ነገር እልል የሚል ሕዝብ ደግ ሕዝብ ነው።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በትልቁ ሜዳ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት እንደተጫወተ ጻፊልኝ። የምድር ባቡር ጡረተኞች ሁሉ እየጠየቁ ቤቴን አጨናንቀውታል። ደረጄ ሥራ ላይ ነው።

በየነ


ቶሮንቶ፣ ኦገስት 25 ቀን 1985

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

ጉልበትዎን ይማርልኝ። ደብዳቤዎን ስትሪትካር ውስጥ ከፍቼ ከመውረጃዬ አልፌ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። ይህን ደብዳቤ ደግሞ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ጋሼ፣ ክላረንስ ትልቁ ሊግ አልገባም። ትንሹ ሊግ ራሱ ብዙ ደረጃ አለው። በጁን ያዛወሩት ከአንዱ ትንሽ ወደ ሌላው፣ የመጨረሻው ትንሽ ወደሚባለው ነው፤ ሲራኪዩስ የምትባል፣ ከወሰኑ ማዶ አሜሪካን ውስጥ ያለች ከተማ። ከዚያ በላይ አንድ ደረጃ ይቀራል፣ ብዙ ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰውም እሷ ላይ ነው። እኔ በችኮላ “ወጣ” ብዬ ጻፍኩ፤ እርስዎ በዚያ ጉልበት ደንገጎን ወጡ። ይቅር ይበሉኝ።

የባሰው ደግሞ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቤቱ ውስጥ ሐዘን ባለበት ቀን ነው። ክላረንስ ሲመታ አልሆነለትም፣ ከተቀማጮቹ ወንበር ጫፍ ላይ አስቀምጠውታል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በዚህ ሥራ ሽማግሌ ሊባል ትንሽ ነው የቀረው። ለእናቱ ደውሎ “በቃኝ፣ ሻንጣዬን እያሰርኩ ነው፣ ፖስታ ቤት ሥራ እጠይቃለሁ” ብሏቸው ነበር። ሚስ ዶሮቲ ወጥ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደብዳቤዎን እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ስለ ድፎ ዳቦው ሳቁ፣ ክንድዎን የያዘችዋ ሴት ጋ ሲደርስ አለቀሱ፣ ወዲያው ተነሥተው ስልኩን አነሡ።

“አንድ ሽማግሌ ስላንተ ተራራ ወጥቷል” አሉት።

“ለምኑ?” አለ፤ እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማ ነበር።

“ትልቁ ሊግ ስለገባህ። ምስጋናውን ከፍሎ ጨርሷል።”

“እማዬ፣ አልገባሁም እኮ።”

“እሱ ግን ከፍሏል” አሉት። “አሁን ምን ልበለው?”

ክላረንስ “በየትኛው እግሩ ነው የሚያነክሰው?” ብሎ ጠየቀ። በግራው አልኩት። “እሺ፣ ሻንጣውን እፈታለሁ” አለና ዘጋ።

ይኸው ነው ጋሼ። የሚሆነውን አላውቅም። በዚህ ወር መጨረሻ ትልቁ ቡድን ከታች ጥቂት ሰዎች ይጠራል ይላሉ።

ልጅዎ ይመኙሻል


ድሬዳዋ፣ መስከረም 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይመኙሻል፣

እንኳን ዘመን ተለወጠልሽ። ይቅርታውን ተዪው፤ እንደዚህ ከሳቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ጠጂቱ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብላ ለመንደሩ አወራችው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ያልደረሰ ስለት ከፍያለሁና ምን ይሻላል አልኳቸው። “ስለቱ ደርሶለት የሚያስቀር ሰው ስገሥጽ ነው የኖርኩት፣ ቀድሞ የከፈለ ግን አንተን አየሁ” አሉና እሳቸውም ሳቁ። ስለዚህ ባለ ዕዳው ገብርኤል ነው። ለልጁ እንዲህ በይው፦ እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ፣ የቀረው የአንተና የገብርኤል ነው።

አሁን ደግሞ ጠጂቱ ካልጻፍክ ብላ የያዘችኝን ልጻፍ። ሁለቴ ስለ ደረጄ ጠይቀሽኝ አንዴ ዘለልኩት፣ አንዴ ሥራ ላይ ነው ብዬ አለፍኩት። ደረጄ አምና ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። አንድ ጊዜ ጻፈ። ከጥር ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ቀበሌው ስጠይቅ ታገሡ ይሉኛል።

ለሰው ልጅ ስትሳል ለራስህ ልጅ ለምን አትሳልም ብላ ጠጂቱ ጠይቃኛለች። ጎረቤቱም ከኋላዬ ይህንኑ ይላል። ሞክሬ ነበር፣ ልጄ። ስለት “ይህ ከሆነልኝ” ብሎ ይጀምራል። ለደረጄ “ከሆነልኝ” ልል አፌን ስከፍት “ካልሆነስ” ከኋላው ይመጣብኛል፣ እዘጋዋለሁ። ለዚያች እናት ልጅ ግን ማለት አላቃተኝም። ቢያንስ የአንዷ እናት ልጅ ይድረስ ብዬ ነው። ለሰው ስጸልይ ቃሉ ይወጣልኛል፣ ለራሴ ሲሆን ይታነቃል።

ለሴትዮዋ ይህን አትንገሪያቸው፤ ደስታቸውን አናደፍርስ።

በየነ


ቶሮንቶ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1985

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

ምስጋናዬን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። አትንገሪ ያሉኝን ነግሬያለሁ፤ ፊቴን አይተው ሚስ ዶሮቲ አውጣጡኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ክላረንስን በሴፕቴምበር ጠሩት። ይህኛው እውነተኛው ነው፣ የቶሮንቶው ራሱ። ልብሱን ሰጡት፣ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቡድኑ ለአንደኝነት ይሻማ ስለነበር ወር ሙሉ ማንም አላስነሣውም። እናቱ ቴሌቪዥን ላይ ጫፍ ጫፉን ሲፈልጉት ይውላሉ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት “ገብቶ ከተጫወተ” ነውና እኔም እፈራ ነበር።

ቅዳሜ ቡድኑ አንደኝነቱን አረጋገጠ። እሑድ የመጨረሻው ጨዋታ ነበርና ተቀማጮቹን ያጫውቱ ይሆናል ተባለ፤ ክላረንስ ሁለት ትኬት ላከልን። የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። ሚስ ዶሮቲ ከቤተ ክርስቲያናቸው እንደወጡ የእሑድ ጫማቸውን እንዳደረጉ ነበሩ። ስትሪትካሩ መጥቶ በሩን ሲከፍት አልገባም አሉኝ።

“ልጁ ስሙ ማን ነው ያልሽኝ?” አሉ።

“ደረጄ።”

እንደ ምንም ብለው ስሙን ደጋገሙትና መራመድ ጀመሩ። እግራቸው የሚያብጥ ሴት ናቸው፣ ከስድሳ አልፈዋል። እሳቸው በእነሱ እምነት ስለት የሚባል አያውቁም። ደንዳስ ጎዳናን ይዘን ሄድን፤ በየማቆሚያው ስትሪትካር ሲያልፈን “እባክዎ እንሳፈር” እላለሁ። ከተማውን አቋርጠን ወደ ሐይቁ ስንወርድ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። የክላረንስን ካፖርት አውልቄ አለበስኳቸው፤ ለእሳቸውም ረዘመ። አንድ ቦታ ላይ አጥር ተደግፈው ቆሙ። “ያቺ ከሐረር የመጣችው ሴት አንቺ ነሽ፣ ክንዴን ያዢ” አሉኝ። ያዝኳቸው።

ክላረንስ ገባ። ዱላውን ይዞ ሲወጣ ሚስ ዶሮቲ አልጮኹም፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩት። የመጀመሪያውን ኳስ መታና አየር ላይ ተያዘበት፤ ያ አይቆጠርም። ሁለተኛው በሁለት ሰዎች መካከል መሬት ለመሬት ሾልኮ ሄደ። ሮጦ የመጀመሪያዋ ማረፊያ ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ወደ እኛ ዞረ። ጨዋታውን ተሸነፉ፤ እናቱ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልጠየቁም።

ሕዝቡ ሲወጣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ቁርጭምጭሚታቸው ጠፍቷል። ክላረንስ መጥቶ እግራቸው ሥር ሲንበረከክ “ለምን ይህን አደረግሽ?” ይላቸዋል። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው “ለሰውዬው ጻፊለት” አሉኝ። “ስለ ልጁ እኔም ቀድሜ ከፍያለሁ በዪው። አፉ ካልታዘዘለት የእኔ እግር ተናግሮለታል።”

ክላረንስ የጉልበት ማሰሪያ ልኮልዎታል፤ ኳስ ተጫዋቾች የሚያጠልቁት ነው፣ የራሱ ነው፣ ታጥቧል። ለግራው ነው ብሏል።

ልጅዎ ይመኙሻል


ቶሮንቶ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1985

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

ድምፅዎን ከሰማሁ ሁለት ወር አለፈ። ማሰሪያው ደረሰ? ጉልበትዎ ነው ወይስ ሌላ? ሚስ ዶሮቲ ከሥራ ስገባ በሩን የሚከፍቱልኝ “መጣ?” እያሉ ነው። ክላረንስ መጋዘን መሸከሙን ትቷል፣ ለሚመጣው ዓመት አስፈርመውታል። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ይመኙሻል


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይመኙሻል፣

ለልደቱ በጤና ያድርሳችሁ፤ አንቺንም፣ ሚስ ዶሮቲንም፣ ያንን ረጅም ልጅም። ያስጨነቅሁሽን ይቅር በዪኝ፣ ደብዳቤውን ያዘገየሁት አውቄ ነው።

ይህን የምናገረው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ጉልበቴ በክላረንስ ማሰሪያ ታጥቆ ትራስ ላይ ነግሧል። የምድር ባቡር ጡረተኞች በየተራ እየመጡ ይዳስሱታል፤ አንዱ እንዲያውም ላጥልቀው ብሎ ከለከልኩት። የታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ሄድኩ፣ አሁን ግን በመኪና፤ ዕዳ የሌለበት ሰው ይሳፈራል። እንደገና ቆሜ መሰከርኩ። ያቺ የሐረሯ ሴት ከሕዝቡ መካከል ሆና “ኳሱ እንዴት ሆነ?” ብላ ጮኸች። ሾልኮ ሄደ አልኳት። እልልታው ግቢውን ሞላው። ከዚያ አንዲት እናት ከተማ አቋርጣ በእግሯ እንደሄደች ተናገርኩ፣ ለማን እንደሄደችም ተናገርኩ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዞሮ ከኋላዬ የቆመውን አየ።

ፊደሉ ቀጥ ማለቱን አስተውለሻል? ጸሐፊዬ ተመልሷል። ኅዳር ላይ ከባቡር ሲወርድ ጠጂቱ ነች ቀድማ ያየችው፤ እኔ መነጽሬን እየፈለግሁ ነበር። ቀኝ ክንዱን ቆስሎ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል፣ መጻፍም አልቻለም፤ ዝምታው እሱ ነበር። ከውትድርናው ጨርሰው አሰናብተውታል። ጠጂቱ በየትኛው ቀን ከአልጋ እንደተነሣ ከሴትዮዋ መንገድ ጋር ልታስተያይ ስትሞክር ተዪው አልኳት። ተከፍሏል፣ ደርሷል፣ ምን ቀረ? እጁ ብዕር እስኪይዝ ጠብቄ ነው የዘገየሁት፤ አንቺ ከእሱ እጅ እንድታገኚው ብዬ። ያኔ ስለ ራሱ ሁለት መስመር ብለሽ ነበር፤ እነሆ ፈቅጄለታለሁ።

አባትሽ በየነ

እህቴ ይመኙሻል፣ አለሁ፤ ፊደሌ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም እኔው ነኝ። የአባባን እግር ማታ ማታ በሞቀ ውኃ የማጥበው እኔ ነኝ፤ የሚስ ዶሮቲን ግን እጄ አይደርስምና በእኔ ፋንታ አንቺ እጠቢልኝ።

ደረጄ